ለሰሎሞን ዓሦች የሠራሁት መቆሚያ

መቆሚያ ማለት እንዲታይ ሳይሆን በላዩ የተቀመጠው እንዳይወድቅ ተብሎ የሚሠራ፣ እግር ያለው፣ አፍ የሌለው ዕቃ ነው። ትርጉሙን ከመዝገበ ቃላት አልቀዳሁትም፤ አንድ ወር ተኩል ከመጋዝና ከመላጊያ ጋር ስታገል የደረስኩበት ነው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ መቆሚያን የሚያመሰግን ሰው የለም። እንግዳ ቤታችሁ ገብቶ ቴሌቪዥኑን ያደንቃል፣ የአበባ ማስቀመጫውን ያደንቃል፣ የምርቃት ፎቷችሁን አንስቶ «ያኔ ፀጉር ነበረህ» ይላል፤ ከሥር ሆኖ ይህን ሁሉ የተሸከመውን ጠረጴዛ ግን ትዝ የሚለው ጉልበቱን የመታው ጊዜ ነው። በየመሥሪያ ቤቱም እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሉ። መኖራቸው የሚታወቀው የዓመት ፈቃድ የወጡ ዕለት ነው።

እኔ ግን አንድ ጊዜ፣ እዚሁ ካምፓላ፣ የተደነቀ መቆሚያ ሠርቻለሁ። ጣጣውን ያመጣው መደነቁ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከወዳጄ ከሰሎሞን ነው። ሰሎሞን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ባሉት ሰባት ዓመታት ከሥራ ሲመለስ ቤት የሚቀበሉት ስድስት ብርቱካናማ ዓሦች ብቻ ነበሩ። ዓሣ ደግሞ እንዴት ይቀበላል ትሉ ይሆናል። እሱ እንደሚለው ገና በሩ ሲከፈት ስድስቱም ወደ መስታወቱ ፊት ይመጣሉ። «ምግብ ፈልገው ይሆናላ» ያልኩት ዕለት ተቀይሞ ለሁለት ሳምንት አልደወለልኝም። ካቻምና ለሥራ አንድ ዓመት ጁባ ሊቀመጥ ሆነና ዓሦቹን ለእኔና ለባለቤቴ ለአስካለ አደራ ሰጠን። የመስታወት ገንዳው የቆመው ከተከራየው ቤት ግድግዳ ጋር አብሮ በተሠራ ሲሚንቶ ላይ ስለነበር፣ ገንዳው ወደ እኛ ሲመጣ መቆሚያው አልመጣም። ሰሎሞን ሲሰናበተኝ «ስመለስ ስድስቱንም ቆጥሬ እረከባለሁ» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

የምንኖረው ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው፤ እኛ ከላይ፣ አከራያችን ማማ ናካቶ ከታች። ማማ ናካቶ ስድሳን የተሻገሩ፣ ሰፊና እርጋታ የሞላባቸው ሴት ናቸው፤ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔን «ሙሶሜሳ» ይሉኛል፤ በሉጋንዳ መምህር ማለት ነው። ኪቡሊ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ዓሦቹ ላስፈቅዳቸው ስወርድ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና በዚያ ዝግ ባለ እንግሊዝኛቸው፦

«ዓሣውን አልጠላም፣ ሙሶሜሳ። ጎሳዬ የዓሣ ጎሳ ነው፤ ዓሣ ዘመዴ ነው። የምጠላው ውሃውን ነው» አሉኝ።

ለካ ከእኛ በፊት የነበረ ተከራይ ቧንቧ ከፍቶ ወጥቶ፣ የሳሎናቸው ኮርኒስ ሶፋቸው ላይ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። መጀመሪያ መቆሚያውን እሠራለሁ፤ እሳቸው ወጥተው ያዩታል፤ ካመኑት ገንዳው ይሞላል፣ ካላመኑት ዓሦቹ ሌላ ቤት ይፈልጋሉ። ይግባኝ የለውም።

እስከዚያው ዓሦቹ የአስካለ ሰማያዊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገቡ። በየሁለት ቀኑ ውሃቸውን እንቀይራለን፤ አስካለ ደግሞ ልብስ በባልዲ ማጠብ ጀመረች። «አራት ዓመት ሙሉ የለመንኩህን የወጥ ቤት መደርደሪያ ብትሠራልኝ ኖሮ ይኼኔ እጅህ ተፍታቶ ነበር» አለችኝ።

አናጢ ጥራ ያላለኝ ሰው የለም። ግን ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ጠረጴዛ ለማሠራት አናጢ ከጠራ ተማሪዎቹን ምን ብሎ ያያቸዋል? ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ገንዳው ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ አርባ፣ ከፍታው ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ሁለት መቶ አርባ ሊትር ውሃ ይይዛል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ከሥር የሚነጠፈው ጠጠር ሲጨመሩበት ሦስት መቶ ኪሎ ይጠጋል። ውሃ በብርጭቆ ሲያዩት የዋህ ነገር ነው። ሦስት መቶ ኪሎ ግን በሬ ነው። እኔ የምሠራው እንግዲህ ሳሎን ውስጥ በሬ የሚያቆም ዕቃ መሆኑ ነው።

እንጨቱን የገዛሁት ናሙዎንጎ ሰፈር ነው። ሻጩ ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ፤ ለዓሣ አልኩት። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ የመረጥኩትን አራት በሁለት ኢንች የባሕር ዛፍ ሞራሌ አየና ዓሣው ምን ያህል ቢተልቅ ነው የሚል ፊት አሳየኝ። ስምንት ሞራሌ በአንድ ቦዳ አስጫንኩ። የካምፓላ ቦዳ ነጂ ሞተር ብስክሌቱ ላይ አይጫንም የሚለው ነገር የለውም፤ ሶፋ ተጭኖ፣ ሶፋው ላይ ሰው ተቀምጦ አይቻለሁ። ማኪንድዬ እስክንደርስ እንጨቶቹን እንደ ዘመድ አቅፌያቸው ሄድኩ።

የአሠራሩን ነገር አሳጥሬ ልንገራችሁ፤ ምናልባት አንዳችሁ በሬ ማቆም ያምራችሁ ይሆናል። ዋናው ነገር ሸክሙ እንጨት ላይ እንጂ ብሎን ላይ እንዳያርፍ ነው። ብዙ ሰው እግሮቹን አቁሞ አግዳሚውን በጎን በኩል በብሎን ያጣብቀዋል፤ ያኔ በሬውን የተሸከመው ጣት የማታህል ብረት ናት። እኔ አግዳሚዎቹን እግሮቹ አናት ላይ አሳረፍኳቸው፤ ብሎኑ ሥራው አብሮ ማቆየት ብቻ ሆነ። ጠረጴዛው ወደ ጎን እንዳይዘም ከጀርባው ሰያፍ እንጨት መታሁ፣ መጋጠሚያዎቹን በኮላ አጠበቅኩ፣ ከላይ ወፍራም ኮምፔንሳቶ አለበስኩት። በየቅዳሜው አንድ ነገር አበላሻለሁ፣ በየእሑዱ አስተካክላለሁ። ሲያልቅ ውሃ ልክ አስቀምጬ ባየው ተንጋዷል። ሁለት ቀን እግሮቹን ስለካ ከርሜ ጥፋቱ የመቆሚያው ሳይሆን የወለሉ መሆኑን ደረስኩበት። ቤታችን ቁልቁል ከኮረብታው ሥር ወዳለው ሐይቅ ለመሄድ ያሰበ ይመስል ዘንበል ያለ ነው፤ አምስት ዓመት ስንኖርበት አላወቅንም። ዝቅ ካሉት ሁለት እግሮች ሥር ስስ ጣውላ አስገባሁና ቀጥ አለ። በቤቱ ውስጥ ቀጥ ያለ ነገር እሱ ብቻ ሆነ።

በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ከደረቀ በኋላ ማማ ናካቶን ጠራኋቸው። ወጡ። ዞሩት። በእጃቸው ገፉት፤ አልነቃነቅ አለ። ስለ ሸክምና ስለ ሰያፍ ላብራራላቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ዞረው ቁጭ አሉበት።

ቀደም ብዬ ሰፊ ሴት ናቸው ብያችኋለሁ። መቆሚያው ሲጥ አላለም። ማማ ናካቶም አልተነሡም። አስካለ ሻይ አመጣችላቸው፤ ጠጡ፤ ደግማ ቀዳችላቸው። የሟች ባለቤታቸውን ነገር አነሡ፤ የገዛላቸው ሶፋ ሁሉ እንደሚሰምጥ፣ ከሰመጡበት ለመነሣት ሰው መጥራት እንዳለባቸው አጫወቱን። ከዚያ መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው፦

«ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ተቀምጬ አላውቅም» አሉ።

እኔም ደስ አለኝና፦

«እንግዲያውስ ይውሰዱት፤ የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

እናንተ ነገሩን ታውቁታላችሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ዕቃችሁን ሲያደንቅ «ውሰደው» ትሉታላችሁ። እሱ «ኧረ በፍጹም» ይላል። ትደግማላችሁ፤ ይደግማል፤ ሦስተኛው ላይ ሁለታችሁም ተከባብራችሁ ዕቃው ባለበት ይቀራል። እኔ በዚህ መንገድ እስከ ዛሬ ሁለት ካፖርት፣ አንድ ሬዲዮና የአስካለን የአንገት ሐብል ሰጥቻለሁ። አንዱም ከቤት አልወጣም።

በማማ ናካቶ አገር ግን የተሰጠ ነገር ይወሰዳል። እምቢ ማለት ሰጪውን መናቅ ነው። ማማ ናካቶ ከመቆሚያው ቀስ ብለው ወረዱ፣ በዚያ ሁሉ ዕድሜያቸውና ግርማቸው ሁለት ጉልበታቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉና «ዌባሌ ኞ ሴቦ» አሉ። በጣም አመሰግናለሁ ጌታዬ ማለት ነው። እኔ «ኧረ በፍጹም» የሚለውን ጠበቅኩ። አስካለም ጠበቀች። አልመጣም። ተንበርክኮ ያመሰገነን ትልቅ ሰው ደግሞ «የወግ ነው እንጂ የእውነት አይደለም» የምትሉበት ቋንቋ ካለ ንገሩኝ።

የግቢው ዘበኛና ከጎረቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ሊያወርዱት ሞከሩ፤ አልቻሉም። በጣም ከባድ ነበር። አራተኛውን እግር ይዤ ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሰሎሞን ከጁባ በቪዲዮ ሲደውል ዓሦቹን ከላይ ከላይ ብቻ ነው የማሳየው፤ ሳፋው እንዳይታይ። በሦስተኛው ሳምንት «ለምንድን ነው ሁልጊዜ ጀርባቸውን የማየው?» አለ። ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ቆይ፣ ማንም ሳይጠይቅህ? በገዛ አፍህ?» አለ። ከዚያም ስለ ኃይል የማስተምር ሰው አፌን የምይዝበት ኃይል ማጣቴ እንደገረመው ነገረኝ። አስካለ ከወጥ ቤት ሆና ትስማማለች።

ማማ ናካቶ ሳፋውን ያዩት በዚያው ሰሞን ነው። ለመሆኑ ዓሦቹን ምን ላይ አስቀመጥካቸው ብለው ወጡ፤ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አገኟቸው። ዘመድ መሬት አይቀመጥም አሉ። መቆሚያው ታች ከሆነ ውሃውም ታች ይሁን፤ ቢፈስ እንኳ የሚወርድበት ኮርኒስ የለም ብለው ፈረዱ። በፊዚክስም በሌላም ስህተት ላገኝበት አልቻልኩም። ገንዳው በማማ ናካቶ ሳሎን፣ እኔ በሠራሁት መቆሚያ ላይ፣ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ገጥሞ ተቀመጠ። አስካለ ሳፋዋን አገኘች። ማማ ናካቶ ለስድስቱም ስም አወጡላቸው፤ ሲመሻሽ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው የቀኑን ወሬ ይነግሯቸዋል። ውሃ ለመቀየር ስወርድ ዝም ይላሉ።

ዓመቱ ሞላና ሰሎሞን ተመለሰ። አንድ እሑድ ፒክአፕ ተከራይቶ፣ ባዶ ጄሪካኖች ጭኖ መጣ። ደረጃው ላይ ይዤው መከርኩት። አመስግን፣ ቁጠር፣ ጫን፤ ሌላ ደግ ቃል ከአፍህ አይውጣ አልኩት። «እኔ እንዳንተ ነኝ?» አለና ገባ።

ስድስቱም ወደ መስታወቱ ፊት መጡ። ሰሎሞን ጎንበስ ብሎ ቆጠራቸው። ማማ ናካቶ አጠገቡ ቆመው ስማቸውን አንድ በአንድ ነገሩት፤ ማን ሆዳም እንደሆነ፣ ማን ዝናብ ሲዘንብ ድንጋይ ሥር እንደሚገባ። ሰሎሞን ደግሞ ያቺ ዝናብ የምትፈራው ድሮም እንዲሁ እንደነበረች ነገራቸው። ጄሪካኖቹን በር ላይ ሲያዩ ማማ ናካቶ «ቤቱ ዝም ሊል ነው» ብቻ አሉ።

የሰሎሞንን ክርን ለመያዝ ፈጠን አልኩ። አልደረስኩም።

«እዚሁ ይሁኑ፣ የእርስዎ ናቸው» አለ ሰሎሞን።

ማማ ናካቶ ተንበረከኩ።

ስንወጣ የእውነት ነው ወይስ የወግ ብዬ ጠየቅኩት። ከአፉ እንዳመለጠው ነገረኝ፤ ግን ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ ያየሁት ፊት አንድ ነገር ያመለጠው ሰው ፊት አይደለም። ፒክአፑ ባዶ ጄሪካኖቹን ይዞ ተመለሰ።

ይኸው ስድስት ወር ሆነው። ሰሎሞን እሑድ እሑድ የዓሦቹን ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ውሃውን ለማየት ነው ይላል። ውሃ ማየት እስከ ምሽት ይፈጃል። እኛ ጋ የሚወጣው ሰላም ለማለት ያህል ነው። የአስካለ መደርደሪያ ገና አልተጀመረም። መቆሚያው አልተነቃነቀም።