የአቶ አሳምነው ፈረስ የልብ ሕመም

በየመንደሩ አንድ የማይታመም ሰው አይጠፋም። ጉንፋን ቤት ለቤት ሲዞር እሱን ዘሎ ጎረቤቱን ነው የሚይዘው። በሐይቅ ዳሯ መንደር በዘንገና የማይታመመው ሰው ክቡር አቶ አሳምነው ናቸው። ድዳቸው አብጦ ጉንጫቸው ቅል ሲያህልም፣ በቅሎ ረግጣቸው ሲያነክሱም መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኔ ምን ሆኜ!»

እንጅባራ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ናርዶስ ይህን ቃል እየሰማች ነው ያደገችው። ዘንድሮ ግን ስለ አባቷ ሌላ ወሬ ደረሳት።

አቶ አሳምነው ፈረሰኛ የፈረሰኛ ልጅ ናቸውና አቀበትን ፈረስ ላይ ተቀምጦ መውጣት ነውራቸው ነው። ከሐይቁ በላይ ያለውን ዳገት ፈረሳቸውን ዳማን እየሳቡ በእግራቸው ይወጡታል። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ ታዲያ ሰውየውም ፈረሱም ባንዴ ቀጥ! ጉሙ ከውሃው እየተነሣ ይሸፍናቸዋል።  ዳማ ጆሮውን አቁሞ የጌታውን ደረት ትክ ብሎ ያያል። ጥቂት ቆይተው እንደገና ይሄዳሉ። «ሐይቁ እየጠራቸው ነው» አሉ ጎረቤታቸው እትየ በቀለች፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ያማትባል።

አቶ አሳምነው ግን ነገሩን ደርሰውበታል። «ዳማ ልቡን ታሟል። እኔ የምቆመው ለሱ ብዬ ነው» አሉ። ጠበል አስረጩት፣ ገብስ ጨመሩለት። አልሆን ሲል ልጃቸውን ከነማዳመጫዋ አስጠሯት።

ናርዶስ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የዳማን ደረት አዳመጠች። የረጋ፣ ጤነኛ ምት ነው። አብራቸው ዳገቱን ወጣች። ጠመዝማዛው ጋ መጀመሪያ የቆመው ፈረሱ ነው። ቀጥሎ አባቷ ቆሙ፤ ግንባራቸው በላብ ረጥቦ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር። 

«አባዬ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም! ትንሽ ጭምቅ ያደርገኛል፤ ስቆም ይለቀኛል።»

«የታመመው ዳማ አይደለማ! ዳገት ሲወጡ ልብዎ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ የሚያጠጣው የደም ሥር ግን ጠቧል። ልብዎ አየር ሲያጥረው ያለ አየር ለመሥራት ይፍጨረጨርና አሲድ ይጠራቀምበታል። አዴኖሲን የሚባል ነገርም ያወጣል። እሱ የደም ሥሩን ከፈት እያደረገ ነርቩን ይነካል፤ ጭምቅ የሚያደርግዎ ይኸው ነው። ሲቆሙ የልብዎ ሥራ ይቀንስና የደረሰው ደም አሲዱን አጥቦ ይወስደዋል።»

አቶ አሳምነው ፈረሱን አዩት። «እሺ፣ ዳማ በምን አወቀ?»

ናርዶስ ማዳመጫዋን ጠቅልላ «ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች።

«እኔ ምን ሆኜ!»

ቅዳሜ እንጅባራ ገበያ አብረው ዋሉ። ሲመለሱ፣ እንደ መዳፍ በተዘረጋው አስፋልት ላይ ዳማ ቀጥ አለ። አንድ ባጃጅ ከኋላቸው ያንባርቃል፤ ፈረሱ ንቅንቅ አይልም። ዞሮ የአባቷን ደረት ማየት ጀመረ።

«ደረትዎን ያመዎታል?»

«ኧረ ምንም! ማርያምን!»

አልዋሹም፤ ፊታቸውም ወዝ አለው። ግን ልብ ደም ተርቦ ሳያምም ዝም የሚልበት ጊዜ እንዳለ ናርዶስ ታውቃለች። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ፈረሱን አምና አባቷን ባጃጁ ላይ ጎትታ አወጣቻቸው። «በከብት ምስክር ሐኪም ቤት!» እያሉ እስኪደርሱ ተራገሙ። ሐኪሙ የልባቸውን ምርመራ አይቶ «ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ...» አለና ሳይጨርሰው ወደ ሥራው ሮጠ።

አመሻሽ ላይ አቶ አሳምነው ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዳማስ?»

ናርዶስ በመስኮት አየች። ሰው አምጥቶ በር ላይ አስሮታል፤ ገብስ ቀርቦለት አልነካም፤ ወደ መስኮቱ ብቻ ያያል።

«ደህና ነው አባዬ። እሱ ምን ሆኖ!»

አባቷ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና «እኔስ አሞኛል፣ ልጄ» አሉ።

ናርዶስ ይህን ቃል በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። ውጭ ዳማ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገብሱን መብላት ጀመረ።