የስድሳው መርፌ ሙግት

በዚህች አገር መስቀለኛ ቃላት የሚሞላ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። አለ ከተባለም ገና አልተመረቀም ማለት ነው። ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ጋዜጣን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚያነበው፤ መግለጫው፣ የዓለም ዜናው፣ የሐዘን ማስታወቂያው ለእሱ ያቺ ባለሳጥን ገጽ እንዳትቆሽሽ የተደረቡ መጠቅለያዎች ናቸው። ሥራ በበዛባችሁ ሰዓት እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ አጠገባችሁ ይቆማል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። «በአራት ፊደል!» ይላል። የዚያን ቀን ሥራችሁ እዚያ ላይ ያበቃል።

ለላሊበላ የደረሷት የዚህ ወገን አለቃ ክቡር ጓድ ገብረ ሊባኖስ ነበሩ፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የአግድምና የቁልቁል ጠቅላይ ገዥ። ማዕረጋቸውን በክብር ካስመዘገብኩ ዘንዳ ከእንግዲህ «እሱ» ልበለው። ያደረገልኝን ስትሰሙ ይህን ያህል መቀራረብ እንደማይነወር ታምኑኛላችሁ።

ጊዜው 1972 ነው። እኔ የሻረግ እዚያው ከተማ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ጋዜጣ የሚመጣልን በአውሮፕላን ነው፤ በበጋ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም አውሮፕላኗ ደስ ካላት። ለከተማው ንባብ ቤት የምትደርሰው አንዲት ቅጂ ስትሆን፣ ገብረ ሊባኖስ ከቀበሌው ሊቀ መንበርም ቀድሞ ይደርስባታል። ጨዋታው በየጊዜው አንድ ጭብጥ ይዞ ይመጣል፤ አንዴ መልሱ ሁሉ የሚፈስ ነገር ነው፣ አንዴ መልሱ ሁሉ አፍ እያለው የማይናገር ነው። ጥያቄዎቹም ፊት ለፊት አይመጡም፤ ዞረው በጓሮ በር ነው የሚገቡ።

ክፉ ልማዱ መጠየቁ አልነበረም። መልስ አለመፈለጉ ነው። አንገቱን በክፍሌ መስኮት አስገብቶ፣ «በአራት ፊደል! ሲወለድ አረንጓዴ፣ ሲጎለምስ ቀይ፣ ሲበላ እንባ አስመጪ። ሁለተኛዋ ‹ር› ናት!» ይላል። ሃምሳ ተማሪ ባንድ አፍ «በር...» ማለት ሲጀምር ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል። «አትንገሩኝ! አደራችሁን አትንገሩኝ!» እያለ ይሮጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ «በርበሬ!» ብሎ ያበስረናል። የማባዛት ትምህርታችን በዚያው ይቀራል።

እብጠት ሲያፈርጥም ይጠይቃል። «የሚያስብ ሰው አይጮህም» የሚል የራሱ ሕክምና ነበረው፤ እውነትም ብዙ ሰው «ሦስት ፊደል... ሦስት ፊደል...» እያለ ሳያውቀው ተፈውሷል። አንድ ቀብር ላይ ደግሞ ካህናቱ ፍትሐት ጨርሰው ገና ሳይበተኑ፣ በአዛኝ ፊት ጠጋ ብሎ «አባ፣ ይፍቱኝ፤ ሁለት ፊደል ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይባስ ብሎ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆሞ «ጥርስ ሞልቶት የማይነክስ፣ በሁለት ፊደል!» ሲል፣ ጨርቅና ጌጣጌጥ የምትሸጠው ጎረቤታችን ጀውሀራ ከዕቃዎቿ መካከል ሚዶ አንሥታ አሳየችው። ሰውየው ልጁ የሞተበት ያህል አዘነ። «ነገሩኝ እኮ!» እያለ ለሳምንት አኮረፋት። «ወላሂ አልተናገርኩም፤ ማሳየት ነው ያሳየሁ» ብትለውም አልሰማ አለ።

እኔ እሸሸው ነበር። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ሦስት መንገድ አለ፤ ሦስቱንም በእሱ ምክንያት ነው የማውቃቸው።

ሰኔ ላይ አባቴ ደም ሳለ።

አባቴ አቶ ደባሱ ከአብዮቱ በፊት የላስታ ነገረ ፈጅ ነበር። የርስት ሙግት ያለበት ሰው ሁሉ እሱን ይዞ ነበር ዳኛ ፊት የሚቆም። የራሱም ሙግት ነበረው፤ ሙጃ ላይ ካለች አንዲት የወንዝ ዳር መሬት የተነሣ ከፋለ ከሚባል ሰው ጋር ዘጠኝ ዓመት ተካሰዋል። አንዱም ሳይረታ አዋጁ መጣና መሬቱን ከሁለቱም ወስዶ ለሕዝብ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ አባቴ የሚከራከረው ሰው አጥቶ በር ላይ ተቀምጦ ከዝናቡ ጋር ነበር የሚጣላ።

ገብረ ሊባኖስ አክታውን ወስዶ መረመረና የሳንባ በሽታ ነው አለ። በየቀኑ አንድ፣ በጠቅላላው ስድሳ መርፌ፤ ከዚያ በኋላ ክኒን። ካልሆነ መስከረምን አያይም።

«ሳል ነው» አለ አባቴ። «ደሴ ድረስ ወርጄ በዳኛ ፊት የቆምኩ ሰው ሱሪዬን ለድሬሰር አልፈታም።»

እኔ ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የሳንባ በሽተኛ የተባለ ሰው ዋንጫው ይለያል፣ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ይጠፋል። ጤና ጣቢያ በየቀኑ ሲመላለስ ከታየ ማን ሳል ነው ብሎ ያምናል? አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ገብረ ሊባኖስ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ቤታችን ገባ። እውነቱን ልናገርና ልቤ ነደደ። አባቴ እየሞተ ይሄ ሰው ሳጥን ይዞብኝ ይመጣል?

«ጋሽ ደባሱ፣ በሦስት ፊደል አንዲት ነገር ቸግራኝ ነበር» አለ።

አባቴ ጥያቄውን ሳያስጨርሰው መለሰለት። ሁለተኛዋንም፣ ሦስተኛዋንም መለሰለት። ከአልጋው ቀና አለ። «ይሄ ነው ጥያቄህ? ይሄንስ ጥጃ ጠባቂም ያውቀዋል።»

«እንግዲያው በእንቆቅልሽ ሕግ እንሂድ። ያላወቀ አገር ይሰጣል።»

«የምን አገር አለኝና? አገሩን አዋጁ ወሰደው።»

«ባይሆን መቀመጫዎን ይስጡኝ» አለ ገብረ ሊባኖስ፣ ሳይስቅ።

አባቴ እግሩን ከአልጋው አወረደ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተከራካሪ አገኘ። «ዳኛ ይሰየም» አለ በመጨረሻ።

ጀውሀራ ተጠርታ ዳኛ ሆነች። ውሉም ተነገረ፦ በቀን አንድ ጥያቄ፣ በዐሥር ሰዓት። አባቴ ካወቀ ድሬሰሩ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። ካላወቀ መርፌ ይወጋል። የባዕድ ቋንቋ በማስረጃነት አይቀርብም። የመጀመሪያዋ ጥያቄ፣ «የሸማኔ ዕቃ፤ ማግ ይጠቀለልበታል፤ ሦስት ፊደል» የምትል ነበረች። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሸማ ለብሷል እንጂ ሸማኔ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጢሙን ሲያሻሽ ቆየ። «ቀሰም» አለች ወንድሟ ሸማኔ የሆነው ዳኛችን። «ይግባኝ እላለሁ!» እያለ ሱሪውን ፈታ።

ሐምሌ ገባ። ማረፊያው ጭቃ ሆነና አውሮፕላን ቀረ፤ ጋዜጣም ቀረ። ጥያቄው ግን አልቀረም። ገብረ ሊባኖስ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ በማስመሪያ ሳጥን እያሰመረ ራሱ ማዘጋጀት ጀመረ። አባቴ የማያውቀውን ቃል ማግኘት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ያ መልስ ሲነገረው ጆሮውን ይደፍን የነበረ ሰው በዝናብ ከደጅ ደጅ እየዞረ መልስ ይለምን ጀመር። ቀጥቃጭ ቤት ሄደ፣ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄደ፣ ለንብ ነገር አሸተን ማርያም ድረስ ወጥቶ መነኮሳቱን ጠየቀ። አንድ ቀን በክፍሌ መስኮት ብቅ አለ። «የሻረግ፣ እባክሽ ንገሪኝ» አለኝ። «አባትሽ የማያውቀው ምንድን ነው?» ጠመኔዬን ይዤ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ልጆቹ እንባዬን እንዳያዩ።

«የሴት ሥራ አያውቅም» አልኩት። «እንጀራ የሚበላ እንጂ ጓዳ የገባ ሰው አይደለም።» በዚያን ቀን «ምጣድ የሚወለወልባት ጨርቅ፣ ሦስት ፊደል» ብሎ ጠየቀው። ስድሳ ስምንት ዓመት በልቶ ማሰሻን በስም አያውቃትም! ጀውሀራ ስትፈርድበት ሳቋን መያዝ አቅቷት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ከዚያ ወዲያ ጥጥ መንደፍ፣ ጸጉር ሥራ፣ የአራስ ቤት ዕቃ ተከታትለው መጡ። በሰላሳ ሰባተኛው መርፌ ላይ ሳሉ ቀነሰ፤ ፊቱ ሥጋ ያዘ። የረታባቸው ቀናት አራት ብቻ ነበሩ፤ በእነዚያም ቀናት ጎረቤት እስኪሰማ ፎከረ።

ነገሩ የተበላሸው በአንዲት ደግ ሴት ነው። ስሜነሽ የምትባል ጠላ ሻጭ በደጃችን ስታልፍ አባቴን በር ላይ አገኘችውና ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «ጋሽ ደባሱ፣ እግዜር ይማርዎ! የትናንቷ ቃል እኮ የኔ ናት! ጥሩ አድርጋ አስወጋችዎ?»

አባቴ ገብቶ ተኛ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ለካ ከተማው ሁሉ ሳንባዬን ያውቀዋል» አለኝ። «ዳኛዬም ከከሳሼ ጋር ናት። በሩን ዝጊ።»

በዚያ ቀን ገብረ ሊባኖስ መጣ፤ ተመለሰ። በማግስቱ ሳይመጣ ቀረ። በሦስተኛውም ቀን ቀረ። ጤና ጣቢያ ብሄድ የለም አሉኝ። ሰለቸው አልኩ፤ ደግሞስ ቢሰለቸው ማን ይፈርድበታል? በአራተኛው ቀን ጠዋት የአባቴ ጋቢ ላይ እንደገና ደም አየሁ። ጀውሀራ ከደጅ ቆማ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች፤ አባቴ እንዳትገባ ከልክሏታል።

ዐሥር ሰዓት ላይ ገብረ ሊባኖስ ሳያንኳኳ ገባ። ጫማውን በእጁ ይዟል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ካርቶን አልያዘም።

«ጋሽ ደባሱ፣ ቃል አለቀብኝ» አለ። «ተረታሁ። በሕጉ መሠረት አገር ልስጥዎ።»

አባቴ ከግድግዳው ሳይዞር «የትኛውን?» አለ።

«ሙጃን።»

አባቴ ዞረ። «ምን አልክ?»

«ከሙጃ ነው የምመጣ። አቶ ከፋለ ዘንድ ነበርኩ። ‹ጋሽ ደባሱን ዘጠኝ ዓመት ሲሟገቷቸው ያላወቁት አንድ ነገር ካገኙባቸው ይንገሩኝ› ብዬ ልለምናቸው ሄድኩ። ሳቁብኝ። ‹ደባሱን የረታው የለም፤ እኔም ስሞክር አረጀሁ። ሲረቱት አይሰጥም፤ ሲረቱለት ግን ልብሱንም ይሰጣል። በል ሙጃን ስጠው፤ ከፋለ ሰጠህ በለው› አሉኝ።»

«ከፋለ?»

«ከነድንበሯ ብለዋል።»

«ያችን የወንዝ ዳሯንም?»

«እሷን በስሟ ጠርተው። ደግሞ ‹እሱ ከሞተ ያን ዘጠኝ ዓመት ከማን ጋር አወራዋለሁ?› ብለዋል።» ገብረ ሊባኖስ ጫማውን መሬት ላይ አኖረ። «ከተማው እንደሚያውቅ እውነት ነው፣ ጋሽ ደባሱ። ግን አውቆ የሸሸ አንድ ሰው ይንገሩኝ። ስንት ደጅ መታሁ፤ ቃል የነፈገኝ አላገኘሁም።»

አባቴ መጀመሪያ ትከሻው ነው የተንቀጠቀጠው። የሚያለቅስ መሰለኝ፤ ሳቅ ነበር። ሳቀ፣ ሳለ፣ እንደገና ሳቀ፤ እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ሙጃ ገብቼ ምን አጥቼ!» አለ ልክ እንደ ልጅ። ከዚያ ሱሪውን መፍታት ጀመረ። «ና እንግዲህ፣ ያለህን ውጋ። የሙጃ ባለርስት በሳል አይሞትም። አንች፣ ያችን ጉቦኛ ዳኛ አስገቢያት፤ ዝናብ እየመታት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄ አልነበረም። ድሬሰሩ ይመጣል፣ ይወጋል፣ አባቴ ስለ ሙጃ ድንበር ያስረዳዋል። ስድሳኛዋ መርፌ ነሐሴ ሲያልቅ ገባች። ገብረ ሊባኖስ ክኒኑን አስረከበኝ፣ መርፌውን በአልኮል ጠርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ «በቃ፤ ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም» ብሎ ወጣ። አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖሯል። ስለ እያንዳንዱ ዓመት ያን ሰው አመሰግነዋለሁ። በሕይወቴ እንደ እሱ ያሰለቸኝ ሰው የለም፤ እንደ እሱም የወደድኩት ጎረቤት የለኝም።

ከስድሳኛዋ መርፌ በማግስቱ ዐሥር ሰዓት ሲሆን አባቴ በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ነበር። ዐሥር ተኩል ሆነ። ተቁነጠነጠ።

«የሻረግ» አለኝ፣ «ያ ድሬሰር ታሟል እንዴ?»

«አባዬ፣ መርፌው አልቋል እኮ።»

«ስለ መርፌ ማን አወራ? ሂጅ ጥሪው።»

በዝናብ ሮጥኩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘሁትና አባቴ ይጠራሃል አልኩት። ፊቱ ደነገጠ፤ ቦርሳውን ለማንሣት ሲዞር «ቦርሳውን ተወው» አልኩት። ቤት ስንደርስ አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ከካህን በቀር ለማንም ሲነሣ አይቼው አላውቅም ነበር። ወንበሩን ለገብረ ሊባኖስ ሰጠና ራሱ መደቡ ላይ ተቀመጠ። «እስከ ዛሬ አንተ ጠየቅኸኝ» አለው። «አሁን ተራው የኔ ነው። አረፍ በልና አስብ፤ አልነግርህም።»