ቢላ የሚፈልግ መጽሐፍ

መጽሐፍ የሰጡት ሰው ሁሉ «አንብቤዋለሁ» ይላል። እኛ ዘንድ ስጦታን ገልጬ አላየሁትም ማለት ነውር ነው። ታዲያ ደራሲ እውነቱን ከማን ይስማ?

እኔ መላውን ያገኘሁት ከሞተ መቶ ዓመት ካለፈው ጀርመናዊ አሳታሚ ነው። አገራችንን ሳይረግጥ የግዕዝ ማተሚያ ፊደል ከእርሳስ ብረት አስቀርጾ፣ ስለ እኛ በጀርመንኛ የተጻፈ መጽሐፍ አሳተመ። ታሪኩን የነገረኝ ኦክላንድ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ወዳጄ ነው። ያኔ መጽሐፍ የሚሸጠው ገጾቹ ጫፍ ለጫፍ እንደተያያዙ ነበር አሉ፤ አንባቢው በቢላ እየለያየ ያነባል። ከእሱ የገዛሁትን የጀርመናዊውን መጽሐፍ ባገላብጠው አንድም ገጽ አልተለየም። ይህን ሁሉ የደከመ ሰው መቶ ዓመት ሙሉ አንድ አንባቢ ይጣ? አንጀቴን በላው።

ዘዴው ግን ማረከኝ። ከጎማ ለጣፊነት ተነስቼ ባለ ሱቅ እስክሆን ያለውን ሕይወቴን ጽፌ ሳሳትም፣ የማተሚያ ቤቱን ሰው «ጠርዙን አትቁረጠው» አልኩት። «አር ዩ ሹር?» አለኝ። ሹር ነበርኩ። መጽሐፉን ለዘመድ ወዳጁ አደልኩ። ከዚያ ወዲያ ሰው ቤት ስገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኔ የሚሄደው ወደ መደርደሪያው ሆነ።

ዩኒየን ሲቲ ያለው አበልጄ «በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት» አለኝ፤ ገጾቹ ተያይዘው ተቀምጠዋል። ሳን ሆዜ ያለው ዲያቆን አለቀስኩ አለ። በየት በኩል አይቶ አለቀሰ? ልጄማ «አይ ላቭድ ኢት፣ ዳድ» ብላ ሽፋኑን አሞገሰች። ሆድ ካገር ይሰፋል፤ ቻልኩት። ግን ልጅ ያጣ ሰው ልጅ እንደሚናፍቅ፣ አንድ አንባቢ ናፈቀኝ።

አንድ እሑድ መጽሐፉ ከደረሳቸው አንዷ፣ እትዬ ዘነበች፣ ከሳን ሆዜ ደወሉ። አዛውንቶች መጦሪያ ነው የሚሠሩት፤ ሰው አይፈሩም። «ይስሙኝማ ጋሼ፣ ማተሚያ ቤቱ ቺት አድርጎዎታል! ገጹ ሁሉ ተጣብቋል። በሽንኩርት ቢላዬ ስለያይ ዋልኩ። ደግሞ የጎማው ወሬ በዛ። የእናትዎ ነገር ግን ምነው ቶሎ አለቀ?» አሉኝ።

መቀጠል አቅቶኝ ብዕሬን ያስቀመጥኩት እዚያች ቦታ ላይ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ቢላ አነሳሁና የጀርመናዊውን ገጾች አንድ በአንድ ለያየሁ። ጀርመንኛ እንደሆነ አንዲት ቃል አላውቅም። ግን ሟቹም እንደ እኔ በየቤቱ መደርደሪያ የሚቃኝ ከሆነ፣ ኦክላንድ እኔ ቤት ሲደርስ አንድ አንባቢ ይቁጠር። እንዴት ነበር ብሎ ቢጠይቀኝም መልሱን ከአበልጄ ተምሬያለሁ፦ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።