ክቡር ለምን-ይገዛል እና የሣር ሶፋቸው

በየሰፈሩ አንድ «ለምን ይገዛል?» ባይ አለ። እኛ ጋ የለም የሚል ሰፈር ካለ በደንብ አልፈለገም። የእኛው፣ አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ሰው ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔ በሆዴ ክቡር ለምን-ይገዛል እላቸዋለሁ።

ክቡርነታቸው የበር ደወል ሠርተዋል፤ ሲጫኑት የእኔ ወጥ ቤት መብራት ይጠፋል። መሰላልም ሠርተዋል፤ ለሚዋሳቸው ሁሉ «ሦስተኛዋን ብቻ ዝለላት» ይላሉ። ከአሮጌ በር ያበጁት መደርደሪያ እጀታው ስላልተነቀለ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊከፍተው ይታገላል።

ባለቤታቸው እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቁመታቸው የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አይቀረው። ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ሐኪም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ ብሏቸዋል። የቤቱ ወንበሮች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ፣ አንዴ ከተቀመጡባቸው ያለ ደጋፊ አይነሱም። ስለዚህ ለጓሮው አንድ ወንበር ለመኑ። አንድ ወንበር እንጂ ቤተ መንግሥት አልጠየቁም። ጋሼ «ለምን ይገዛል?» አሉና የሣር ሶፋ ሊሠሩ ተነሱ።

በካርቶን የሶፋ ቅርጽ አበጁ፣ አፈር ሞልተው ጠቀጠቁት፣ ከነሥሩ የተነሳ ሣር አለበሱት። ኪሳቸው ውስጥ ቋጠሮ ያላት ሲባጎ ነበረች፤ አፈር በጨመሩ ቁጥር እያወጡ ይለኩባታል። መቀመጫው ከፍ አለ፣ አሁንም ከፍ አለ። አጥሩ ላይ ተደግፌ፣ ይሄ ሶፋ ነው ወይስ ግንብ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልኩ ነው» ብለው ሲባጎዋን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ከዚያ እገዳው መጣ፦ «ሥር ሳይዝ ማንም አይቀመጥበትም።»

እትዬ ወር ሙሉ በሩን ተደግፈው፣ ቆመው ፀሐይ ሞቁ። እኔ ተናደድኩ። ሰውዬው ሚስቱን አስቁሞ ሣር ያጠጣል! የገበያ ወንበር ገዝቼ በአጥሩ ላይ ልወረውርላቸው ቃጥቶኝ ነበር።

ባለፈው እሁድ ጋሼ ሣሩን ጎተት አድርገው አልነቀልም እንዳላቸው አረጋገጡና «እስቲ ቁጭ በይ» አሉ። እትዬ ለማቃሰት ተዘጋጅተው ተቀመጡ። እግራቸው መሬቱ ላይ ደልደል ብሎ አረፈ፤ ጉልበታቸው እምብዛም አልታጠፈም። ከዚያ ምንም ሳይደገፉ ተነሱ። ደግመው ተቀመጡ፣ ደግመው ተነሱ።

«መቼ ለካኸኝ?» አሉ።

«ተኝተሽ» አሉ ጋሼ፤ «ከተረከዝሽ እስከ ጉልበትሽ። ትንሽ ጨምሬበታለሁ።»

እትዬ ሦስተኛ ጊዜ ተቀመጡ። ቀሚሳቸው ከኋላ በውሃ ርሶ ነበር፤ እሱንም ልብ ያሉት አልመሰለኝም።

ትናንት ሁለቱ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሣሩን እንዳጠጣ አደራ አሉኝ። ግራ ቀኝ አየሁና ወጣሁበት። እግሬ መሬት አጥቶ እንደ ሕፃን ተንጠለጠለ። ለካ ያ ሁሉ አፈር በእትዬ ልክ ብቻ ነው የተከመረው።

ወንበር የሚሸጥበት ሱቅ ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ዛሬ ጠዋት ግን አጥሩ ላይ ተደግፌ፣ ያቺ ሲባጎ ለእኔም ልክ አንድ ቋጠሮ ይተርፋታል ወይ ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው።