ከተከሳሹ ጋር የበላነው ቆሎ

ልጄ ክፍል ካልዘለለች ብሎ ትምህርት ቤት የሚከስ አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የወለደኝ እንዲህ ያለው ነው።

«ልጄ ጎበዝ ናት፤ ከሁለተኛ ክፍል አራተኛ ትግባ» ብሎ ዲሬክተራችንን ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት አቆማቸው። ዲሬክተሩ «ማካፈል አትችልም» ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ደራረቡ።

ከአንኮበር መንገዱ ሩቅ ነውና ከሳሽ፣ ተከሳሽና እኔ አብረን እንጓዝ ነበር። ባረፍን ቁጥር አባቴ ቆሎውን ዘርግቶ «ክሱ ክስ ነው፤ ይብሉ እንጂ» ይላቸዋል። እሳቸውም ቆሎውን እየቆጠሩ ማካፈል ያስተምሩኛል።

በመጨረሻው ቀጠሮ ዳኛው «አርባ ስምንት ለስድስት ሲካፈል?» ቢሉኝ «ስምንት» አልኩ። ተፈረደልኝ።

ከአባቴ ቀድመው ለዳኛው እጅ የነሱት የተረቱት ዲሬክተር ነበሩ።