ባሌ ዛሬ ነው

ሰው የሚወደውን ነገር መምረጥ ቢችል ኖሮ፣ ለጎረቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገለጸውን ቢወድ ይበጀው ነበር። ኳስ የሚወድ ሰው ታድሏል። እዚህ ቆሰበር ውስጥ ስንቱ ጎልማሳ ነው፣ እግሩ ረግጦት ለማያውቅ የእንግሊዝ ከተማ ሲል ምሳውን የሚተው? ምን ሆነህ ነው የሚለው የለም። ተሸንፎ ነው ይባላል፣ ይታዘንለታል፣ ሻይም ይጋበዛል። እኔ ግን የምወደው ባሌ ነው። ይኸው፣ ገና ከአፌ ሲወጣ ተሳሳታችሁ።

ባሌ ስል ባለቤቴን ማለቴ አይደለም፤ ባለቤት የለኝም። ያንን በእግር ጣት ጫፍ ቆመው የሚጨፍሩትን የፈረንጅ ጭፈራ ማለቴ ነው። ሌላው ሰው ባሌት ይለዋል። እኔም ባሌት ስል ነበር። ባሕር ዳር ኮሌጅ አብራኝ የተማረችው ሰብለ ናት፣ በራሳቸው በባለቤቶቹ በፈረንሳዮቹ ቋንቋ የመጨረሻዋ ፊደል ትጻፋለች እንጂ አትነበብም ብላ ያረመችኝ። ተጽፎ የማይነበብ ፊደል! ፊደል የተረፈው አገር ማለት ይኼ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ት-ን በኩራት ጣልናት። የቲያትር ቤት ደጃፍ አይተን የማናውቅ ሁለት የጎጃም ሴቶች፣ ባሌት የሚል ሰው ስንሰማ በዓይናችን እንጠቃቀስ ነበር። ትዕቢት ዋጋ አላት፤ የእኔ ትዕቢት ዋጋዋ አንድ ፊደል መሰለኝ።

መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ስልኬን አወጣለሁ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከአንድ የፈረንጅ ቲያትር ቤት፣ በየትኛው ቀን ማን እንደሚጨፍር፣ ማን ከማን ጋር እንደተመደበ የሚገልጽ ዝርዝር ይወጣል። ሰው የሎተሪ ዕጣ እንደሚያይ እሱን አያለሁ። የማየው የአንድ ሰውዬ ስም መኖሩን ነው። ስሙን መጥራት ምላስ ስለሚያደክም ከሰብለ ጋር ልዑሉ እንለዋለን፤ የንጉሥ ልጅ ሆኖ የሚወጣው ሁልጊዜ እሱ ነውና። ልዑሉ ሲመደብ ተደዋውለን ደስ ይለናል። ሲቀየር ተደዋውለን እናዝናለን። ትርኢቱንማ በሙሉ አይቼው አላውቅም። ልዑሉ ተንደርድሮ ይዘላል፣ ኔትዎርኩ ይሄዳል፣ እሱ አየር ላይ ይቀራል። አንዳንዴ ሳይወርድ ሦስት ቀን ይሰነብታል።

ይህን ፍቅሬን ያላሳየሁት ሰው የለም። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አንድ ቀን አስቀምጬ አሳየኋቸው። ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና ልጅቷ ጎበዝ መሆኗን መሰከሩ፤ ጨርቁ ግን የመጋረጃ እንጂ የቀሚስ እንዳልሆነ፣ የሸጠላትም ሰው አላህን የማይፈራ መሆኑን ነገሩኝ። ከእሳቸው አልፌ ውሃ ለሚያመጣልኝ ባለጋሪ እንኳ አሳይቻለሁ። የደበቅሁት ከአንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ይሁኔ ነው።

ይሁኔ የእንስሳት ሐኪም ነው። ግምጃ ቤት በሚባለው ከተማና በዳንግላ መሀል ሲመላለስ የክትባት ቅጾቹን የሚያባዛው እኔ ዘንድ ነበር። ግምጃ ቤት ውስጥ ፎቶ ኮፒ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። እኔ ግን የማሽኔ ጥራት መስሎኝ ነበር። ቅጹ እስኪባዛ ስለ ፈረስ ያወራኛል። የታመመ ፈረስ በአማርኛ ሲያባብሉት አይሰማም፣ በአዊኛ ነው እንጂ ይለኛል። አንድ ቀን ደግሞ፣ ፈረስ ያን ሁሉ ክብደቱን ተሸክሞ የሚቆመው በአንድ ጣቱ ጫፍ ላይ መሆኑን፣ ኮቴው የጣቱ ጥፍር እንደሆነ፣ ጣቱን በጣቱ እየነካ አስረዳኝ። ልቤ ዘለለ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ገልበጥ አድርጌ፣ እኔም የማውቃቸው በጣታቸው ጫፍ የሚቆሙ አሉ ብዬ ባሳየው ምን ነበረበት? ዓለም ላይ ይኼን ነገር የሚረዳኝ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ግን አፈርሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት፣ ሱሪያቸው ከቆዳቸው የማይለይ ወንዶች ስታይ ትውላለች እንዳይለኝ ፈራሁ። ቁም ነገረኛ እንዲለኝ ፈለግሁ። እወደው ነበር፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለበትም።

እሱም አንድ ሰሞን ስለ አባቴ ይጠይቀኝ ጀመር። ዘንገና ነው የሚኖሩት? ከሐይቁ በየት በኩል? እሑድ ጧት ቤት ይገኛሉ? ውሻ አላቸው? አንባቢ ሆይ፣ አንድ ወንደላጤ የአባትሽን ውሻ ከጠየቀሽ ምን ሊያደርግ ነው? ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ይሮጥ ዘንድ ጉልበት የለውም፣ ስለ ውሻው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህን የአገራችን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም ለሰው ሲሆን አውቀዋለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን የእብድ ውሻ ክትባት ዘመቻ መሰለኝ። ሰውየው ሐኪም ነው፣ ምን ላድርግ? እየሳቅሁ፣ ውሻው ክፉ ነው፣ እንግዳ አያስገባም አልሁት። እሱ አልሳቀም። ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ከዚያ ያቺ የግንቦት ቅዳሜ መጣች። ከሰዓት በኋላ ትርኢቱ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ልዑሉ ሐሙስ ዕለት በዝርዝሩ ላይ ነበረ። ከመስከረም ጀምሮ የጠበቅሁት ቀን ነው። ሱቅ ልዘጋ ቁልፍ እየፈለግሁ ሰብለ ደወለች። ልዑሉ ልምምድ ላይ ወለም ብሎት ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፣ በሌላ ሰው ተቀይሯል አለችኝ። ኔትዎርክ ሲደክም ደግሞ ሰው ድምፁን ይጨምራል። ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ መናኸሪያው በሚሰማው ድምፅ፣

«ባሌ ዛሬ ነው ብዬ ስንት ወር ጠብቄ! ምን ያደርጋል፣ እግሩን አሞታል አሉ። እኔ እንደሆንሁ ከእሱ ሌላ ወንድ ማየት አልፈልግም» አልሁ።

ስዞር ይሁኔ ደፍ ላይ ቆሟል። ኮቱ ተተኩሷል። ሰላም አለኝ፣ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ አለኝና ሄደ። በእጁ የሚባዛ ወረቀት እንዳልነበረ ያስታወስሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

አልተመለሰም። መጀመሪያ ሥራ በዝቶበት ነው አልሁ። ቀጥሎ ግምጃ ቤት የተሻለ ማሽን ገብቶ ይሆናል አልሁ። በመጨረሻ ተናደድሁ፤ የተናደደች ሴት ደግሞ ስልክ አትደውልም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ታኅሣሥ ላይ መጣ። አሁን በእጁ ወረቀት አለ። የሚተየብ የሰርግ መጥሪያ ነው፤ ጥር ላይ ያገባል፣ ሙሽራዋ ዳንግላ የምታስተምር ልጅ ናት። እንኳን ደስ አለህ አልሁትና ተየብሁ። ዳንግላ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተሳሳትሁ። ማሽኑ ወረቀቱን እየተፋ ሳለ፣ ይሁኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ባለቤትሽስ? እግራቸው ተሻላቸው?» አለኝ።

የትኛው ባለቤቴ ልል አፌን ከፈትሁ። ሳልዘጋው ሁሉም ነገር ገባኝ። የተተኮሰው ኮት ገባኝ። የአባቴ ውሻ ገባኝ። ወራት ሙሉ የሰው ሚስት ተመኘሁ ብሎ ሳይሸማቀቅ እንዳልቀረም ገባኝ። ማንንም አልጠየቀም፤ የባለትዳር ሴት ባል ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነዋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ የፈረንጅም ወለምታ አብሮ መቆጠሩን ማን ነገረኝ?

መናገር እችል ነበር። ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? ባል የለኝም፣ ባሌ ጭፈራ ነው ይባላል? ለዚያውም መጥሪያው ገና ትኩስ ለሆነ ሰው? ዳንግላ ላይ አንዲት ምንም ያላደረገችኝ ልጅ የጥሎሿን ቀን ትቆጥራለች። እሱን ባውቀው ነው የምለው፣ ብነግረው ለልጅቷ የሰጠውን ቃል አያፈርስም፤ ነገሩ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል እንጂ። ምን ብዬ ነው ይኼን የማሸክመው?

«ተሻላቸው፣ እግዜር ይመስገን» አልሁት።

ፊቱ በራ። ሳልጠይቃቸው መክረሜ ሲከነክነኝ ነበር አለኝ፣ ከልቡ ነው። ከዚያም የፖስታዎቹን ስም ዝርዝር ሰጠኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ለወይዘሮ ይታይሽ ከነባለቤትዎ» ይላል። ይታይሽ እኔ ነኝ። በገዛ እጄ አተምሁት።

ሰርጉ ላይ ብቻዬን ሄድሁ። ቀርቼ ምን ልባል? ዳሱ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ይዘውልኝ ቆዩኝ፤ አንዱ ወንበር ላይ ነጠላዬን አስቀመጥሁበት። ሙሽሮቹ ያምሩ ነበር። ልጅቷ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ልጠላት ሞክሬ አቃተኝ። ልወጣ ስነሳ የይሁኔ እናት በር ላይ ያዙኝ።

«ልጄ ነግሮኛል፣ ያ ሰውሽ እግሩን ይታመማል አሉ» አሉኝና አንድ ምሳ ዕቃ ሰጡኝ። «ቅልጥም ነው። ለአጥንት የሚሆን ከእሱ የበለጠ የለም። ትኩሱን አብይው።»

እርስዎ ለምን ተቸገሩ አልኋቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ምሳ ዕቃውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ቆሰበር ገባሁ። ቤቴን ዘግቼ ቅልጥሙን ብቻዬን መጠጥሁት። እያለቀሱ ቅልጥም መምጠጥ ይቻላል፤ ሽሮ ሲሆን ይከብዳል እንጂ። በየሰርጉ ስንት ዘመን ስጠራ ቅልጥም ደርሶኝ አያውቅም ነበር።

በሳምንቱ ምሳ ዕቃውን ልመልስ ዳንግላ ወደ ይሁኔ እናት ቤት ሄድሁ። ሴትየዋ ገና ከደጅ ሲያዩኝ፣ እንዴት ሆነላቸው አሉኝ።

«በጣም ጣፍጧቸዋል» አልሁ፣ «አመስግኝልኝ ብለዋል።»