የጋሼ ተስፋዬ ስኪ

ሱቅ ያለውን ነገር ሁሉ ቤቱ ካልሠራ የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔ ጎረቤት እንዲህ ናቸው። ሞቃት በሆነው የአሜሪካ ሰፈራችን፣ ፌርፋክስ፣ በረዶ አይወርድም፤ ጋሼ ተስፋዬ ግን ሳሎናቸው ውስጥ ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ቀጭን ሳንቃ፣ ይሠራሉ።

የመጣ እንግዳ ሁሉ ስኪውን ብድግ ያደርግና፣ ዝም ማለት ነውር ስለሚመስለው፣ «ቆንጆ ነው፤ ትንሽ ከበድ ይላል» ይላል። እንግዳው ሲወጣ ጋሼ መላጊያቸውን ያነሳሉ። ሐበሻ ቤት ደግሞ እንግዳ መቼ ይጠፋል? ስኪው ሳስቶ ሳስቶ ብርሃን ሊያሳልፍ ምንም አልቀረው።

ይህን ሁሉ በጸጥታ አይቼ ባለፍኩ ነበር። ግን አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኙኝና፣ «ከሰፈሩ ቀላሏ አንቺ ነሽ። ቅዳሜ በረዶ ያለበት ተራራ ድረስ ድራይቭ አደርግሻለሁ፤ ትሞክሪልኛለሽ፣ ኦኬ?» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ብዙ አስተምሮኛል፤ ለትልቅ ሰው «አይሆንም» ማለትን ግን አላስተማረኝም። ሳምንቱን ሙሉ ጉልበቶቼን እያሻሸሁ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ እንደ ምንም ደፈርኩ።

«ጋሼ፣ የሚሰበር አይመስልዎትም?»

አንዱን ስኪ እግሬ ላይ እያሰሩ ቀና አሉ። «እኔስ እሱን ፈርቼ አይደል ቀላል ሰው የፈለግሁት?»

ሁለተኛውን እግሬን አቀረብኩላቸው።